ዓሣው፣ ውሃውና የአዴ ጋዲሴ በትር

ለምወድዎ እናቴ ለወይዘሮ ኮከብ፤

እንደምን ሰነበቱ? የዘንድሮው ብርድ እንዴት አደረገዎት? ጉልበትዎ ከደጅ እስከ ቤተ ክርስቲያን ያደርስዎታል ወይስ አሁንም በከዘራ ነው? ዓይንዎስ? የአባቴ ሳል ለቀቃቸው? ላሟ ወለደች? ገብሱስ ከውርጭ ተረፈ? እኔ በአካሌ ደህና ነኝ፤ ደህና ያልሆነውን ከዚህ በታች አንድ በአንድ እነግርዎታለሁ፤ ቁጭ ብለው ይስሙኝ።

በስልክ ያልነገርኩዎ ንቄዎ አይደለም። ጆሮዎ ስለደከመ ስልኩ ሲደወል ድምፁ ለመንደሩ ሁሉ ይለቀቃል፤ ከእነ ሰይፈሚካኤል ቤትም ባትሪ ሊሞላ የመጣ ሰው ከደጃፉ አይጠፋም። ወንድሜ ዲበኩሉ በወሰን ጠብ መንጋጋውን ከሰበረው ወዲህ፣ ሰይፈሚካኤል ስለ ልጅዎ የሚሰማው ወሬ ሁሉ ስንቁ ነው። ስለዚህ ጻፍኩ። ቤዚዬ የእህቴ ልጅ፣ በሩን ዝጊና ቀስ ብለሽ አንብቢላቸው። የሚያስለቅሰውን አትዝለይ፤ የሚያስቀውንም አትዝለይ። የቀኑን በዚያው ቀን ጽፌ የማስቀመጥ ልማዴን ያውቁታል፤ ስለዚህ እዚህ ያለው ያየሁትና በጆሮዬ የሰማሁት ነው፣ ንዴቴም በርዶ ነው የምጽፈው።

ልጁን በጥቅምት ሲልኩብኝ “ሙሉ፣ ለእጁ ሥራ ስጪው፤ ሥራ የፈታ እጅ ዱላ ይፈልጋል” ብለውኝ ነበር። እኔም ሽንኩርት መጋዘኔ አስገባሁት። ብዙ ሳይቆይ አንዱን ጫኝ በሚዛን ድንጋይ ሊፈጠፍጠው ሲል ደላሎች ተረባርበው ያዙት። ምን እንዳደረገው ስጠይቀው “ገበሬ ብሎ ሰደበኝ” አለኝ። “ታዲያ ምንድን ነህ?” አልኩት።  ከሰው ጋር የማያገናኘው ሥራ መፈለግ እንዳለብኝ ያን ጊዜ ገባኝ።

ሽንኩርት የሚሸጥልኝ አንድ የመቂ ደንበኛዬ ከቤቱ ጀርባ ዓሣና ጎመን በአንድ ውሃ ሲያሳድግ አይቼ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። ዓሣው ትልቅ ገንዳ ውስጥ ይኖራል፤ ይበላል፣ ያቆሽሻል። ትንሽ ሞተር ያን ቆሻሻ ውሃ ወደ ላይ ስቦ ጎመን በተተከለበት ጠጠር ላይ ያፈሰዋል። አፈር የለም። ጎመኑ እድፉን እንደ ፍግ ይበላና ውሃውን አጥርቶ ለዓሣው ይመልሳል። አንዱ በሌላው እድፍ ይኖራል፤ ውሃውም አይደፋም። የአዳማ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ውሃ የማይደፋ ሥራ የነጋዴ ዓይን ይገባል። የጾም ወር የዓሣ ገበያም አይናቅም። እርስዎ በጾም ዓሣ አይበላም እንደሚሉ አውቃለሁ። ሻጭ ነኝ እንጂ በይ አይደለሁም፤ ከቄሱ ጋር አያጣሉኝ።

ከሞጆ ደረቅ ወደብ ዕቃ ከሚያወጡ ነጋዴዎች ዘንድ ሄጄ በብረት ፍርግርግ የታቀፉ ነጭ የፕላስቲክ ታንከሮች አየሁ። ሻጩ “የምግብ ዘይት ነው የነበረበት፣ ልጄን ይንሳኝ” ብሎ ማለልኝ። መሐላውን ትቼ አፍንጫዬን ከተትኩ። አንዱ መድኃኒት መድኃኒት ሸተተኝና ተውኩት፤ ሌላኛው እውነትም ዘይት ነበር፣ እሱን ወሰድኩ። ዲበኩሉ እንደ እርድ በግ በጉልበቱ ተጭኖ በመጋዝ ላይኛውን ሲሶ ቆረጠው። የተቆረጠውን ገልብጦ ከላይ ሲያስቀምጠው የጎመኑ መደብ ሆነ፤ የታችኛው የዓሣው ቤት።

ለጠጠሩ ቀይ አሽ አስመጣሁ። ይህ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ ቀላል፣ የተበሳሳ፣ እዚህ መንገድ ሁሉ የሚደለደልበት። ታጥቦ መግባት ነበረበት፤ እኛ በጀማሪ ደንብ እንዳለ ገለበጥነው። ሞተሩ ሲነሳ ከላይ የወረደው ውሃ በሬ የታረደበት ይመስል ነበር፣ ደም የመሰለ። ዲበኩሉ እጁን ነክሮ አየውና ሳቀ። ከመጣ ወዲህ ጥርሱን ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ሁለተኛው ስሕተት ግን አላሳቀንም። ሳሊህ ከሚባል የባቱ ዓሣ ነጋዴ የቆሮሶ ዓሣ ጫጩት ገዛንና ከቧንቧ በቀጥታ በሞላነው ውሃ ውስጥ ለቀቅናቸው። ለሰው ጤና ተብሎ ቧንቧ ውስጥ የሚጨመረው ክሎሪን ለዓሣ መርዝ መሆኑን ማን ነገረን! አፋቸውን ከፍተው ወደ ላይ ወጡ፤ ራሳቸውን ከገንዳው ግድግዳ ጋር እያጋጩ አለቁ። ዲበኩሉ ሬሳውን በሳፋ ጨልፎ ካወጣ በኋላ ባዶውን በርሜል እስኪጎደጉድ በእርግጫ መታው። ሳሊህ ዘንድ ስደውል ሰውዬው ሳቀብኝ። “እትዬ ሙሉ፣ ሊጥ ሳይቦካ ይጋገራል እንዴ? ውሃውን አሳድሩት፣ ይሽተት፣ ይብሰል፣ አረንጓዴ ይልበስ፤ ከዚያ ዓሣ ጨምሩ” አለኝ። ዲበኩሉ ውሃው እስኪበስል ጠበቀ። ጠዋት ጠዋት ጎንበስ ብሎ ያሸተዋል፣ ይመለሳል። እናቴ፣ ያ ልጅ ነገርን ሲጠብቅ አይተውት ያውቃሉ? እኔም አላውቅም ነበር።

ከዚያማ ያዘለት። ጎመኑ እንደ ጃንጥላ ተዘረጋ፤ ዓሣዎቹም የእጁን ጥላ እያወቁ ይመጡለት ጀመር። በዚህ መሐል አባ ኮዳ የሚሉት ወፍ ለመደን። ራሰ በራ፣ አንገቱ ላይ ከረጢት ያንጠለጠለ፣ የቆመ ሽማግሌ የሚያህል፣ ቄራና ቆሻሻ መጣያ የሚውል ወፍ ነው። አንድ ጠዋት ገንዳው ጠርዝ ላይ ቆሞ ዓሣ ሲውጥ ዲበኩሉ ደረሰበት። ያን ከአገር ያመጣውን የወይራ ዱላ አንሥቶ አንገቱን መታው፤ ወፉ ሲንፈራገጥ ደገመው፤ ከሞተም በኋላ ደበደበው። ላባና ደም ግድግዳውን ለበሰው። ሬሳውንም ለሌሎቹ ማስፈራሪያ ብሎ አጥሩ ላይ ሰቀለው።

አጥሩ ደግሞ የእኛ ብቻ አይደለም። ከማዶ አዴ ጋዲሴ ትኖራለች፤ ከደራ የመጣች የአርሲ ሴት፣ ባሏ የሞተ፣ ስድሳን ያለፈች። አዴ ማለት በእነሱ ወይዘሮ እንደማለት ነው። ልጇ ጉደታ ሞጆ ወደብ ኮንቴይነር ያራግፋል፤ ክንዱ የእኔን ወገብ ያህላል። ወፉ መሽተት ሲጀምር ጉደታ በአጥሩ ላይ አንገቱን ብቅ አድርጎ “ዲቤ፣ ቄራ ከከፈታችሁ ንገሩንና ሰፈር እንቀይር” አለ። ዲበኩሉም “ሌላ የሚደፍር ካለ ለሱም መስቀያ አለ” ብሎ መለሰለት። እኔ ወፉን አስወርጄ አስቀበርኩት። ቃሉን ግን ማን ይቅበረው!

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። የሁለታችን ግቢ ውሃ የሚመጣው በአንድ መስመር ነው፤ አጥሩ ሥር ለሁለት ይከፈላል። ዲበኩሉ ውሃ ቀድሞ ማሳደር እንዳለበት ከተማረ ወዲህ፣ ፈረቃው ሲደርስ እኔ ሳላውቅ ሞተሩን ከመስመሩ ጋር አገናኝቶ መሳብ ጀመረ። ሞተር ሲስብ የጎረቤት ቧንቧ አየር ብቻ ይተፋል። እኛ በርሜል ስንደረድር አዴ ጋዲሴ ዘንድ ጠብታ አልነበረም። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ጉደታ በላብና በአቧራ ተለውሶ ከሥራ ገባ፤ ቧንቧውን ከፈተ፤ አየር። ሞተሩ ከእኛ ግቢ ሲያጓራ ሰማው።

እኔ በረንዳ ላይ የሽንኩርት ጆንያ አፍ እሰፋ ነበር። ጉደታ ከአጥሩ ማዶ “እናንተ ዓሣ ታጥባላችሁ፣ እናቴ ፊቷን የምትታጠብበት የላትም! የውሃ ሌቦች!” ብሎ ጮኸ። ልብሴን ሰብስቤ ይቅርታ ልል ስነሳ ዲበኩሉ ቀደመኝ። “እናትህን ላካት፤ ከዓሣው ጋር አጥባታለሁ” አለው።

እናቴ፣ ይህን ቃል የጻፍኩት እንዲያፍሩ አይደለም፤ የተከተለው ከምን እንደተከተለ እንዲያውቁ ነው።

የቆርቆሮ በራችን በአንድ እርግጫ ተገነጠለ። ጉደታ ዶማ ይዞ ገባና ማንንም ሳያይ ገንዳው ላይ አሳረፈው። ፕላስቲኩ ተተረተረ፤ ውሃው እንደ ጎርፍ ግቢውን ሞላ፤ ዓሣዎቹ ጭቃው ላይ ወድቀው ይዘሉ ጀመር። እየረገጣቸው ደገመው። ዲበኩሉ ዱላውን አነሣ። መጀመሪያ የመታው ክንዱን ነው፤ አጥንቱ ሲሰበር ደረቅ ጭራሮ የተቀነጠበ ያህል ተሰማኝ። ጉደታ በደህናው እጁ ዶማውን ሰነዘረበት፤ ስለቱ የዲበኩሉን ግራ ጆሮ ለሁለት ከፍሎ አለፈ። ተያይዘው ጭቃውና ዓሣው ላይ ወደቁ፤ ተነካከሱ። እኔ የጆንያ መርፌዬን እንደያዝኩ ቆሜያለሁ። ማን ቀድሞ እንደሚሞት ነበር የማስበው።

ያን ጊዜ አዴ ጋዲሴ በተገነጠለው በር ገባች። በእጇ ቀጭን በትር ወደ ላይ ይዛለች። ረጅም ጩኸት ለቀቀች፤ ከየግቢው ሴቶች በእልልታ መለሱላት። ጉደታ ድምፁን እንደሰማ ተነሣ፣ ዶማውን ጣለና ሐውልት ሆኖ ቆመ።

ይህች በትር ሲንቄ ትባላለች። የአርሲ ሴት ስትዳር እናቷ የምትሰጣት ናት። ሰው አይመታባትም፣ ከብት አይነዳባትም። ሴቲቱ እሷን ይዛ በተጣሉ መካከል ከቆመች ግን የወንድ ሁሉ እጅ ይታጠፋል። እኔ አዳማ ስለኖርኩ አውቀዋለሁ። ልጅዎ ግን የሚያውቀው የእኛን አገር ነው፤ በእኛ አገር ጠብ ላይ በትር ይዞ የሚገባ ለመምታት ነው የሚገባው። አሮጊቷ ልጇን ልታግዝ የመጣች መሰለው። በትሯን ከእጇ ነጥቆ ጉልበቱ ላይ ሰበራት።

 ዓሣዎቹ ጭቃውን ሲመቱ ብቻ ይሰማል። ዲበኩሉ ጀርባውን ለጉደታ ሰጥቷል፤ ዶማው ከጉደታ እግር ሥር ነው፤ አንድ እጁ ደህና ነው። ሊገድለው ይችል ነበር። አለሳልሼ አልጽፈውም፣ ሊገድለው ይችል ነበር። አልነካውም። አዴ ጋዲሴ የተሰበረችውን በትር ከጭቃ አንሥታ ጉያዋ ከተተችና “ዓሣዎቹ እየሞቱ እኮ ነው፤ ምን ታያላችሁ?” አለች። ሴቶቹ በየሳፋቸው ለቀሟቸው። አንዷ አፏ ውስጥ ጫጩቶቿን አቅፋ የያዘች ዓሣ ነበረች፤ ስትነሣም አልተፋቻቸውም።

ሁለቱንም በአንድ ባጃጅ ጤና ጣቢያ ወሰድኳቸው፤ መሐላቸው የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ጆሮው ሲሰፋለት ዲበኩሉ ጥርሱን ነክሶ ነበር፤ ጉደታም ክንዱ በጄሶ ሲታሰር አጠገቡ ተቀምጧል። ልጅዎ ደጋግሞ አየው። በመጨረሻ “በትሯ ተሰብራ አልነበር? ለምን አልመታኸኝም?” አለው። ጉደታ ቀና ብሎ ሳያየው “እንጨቱ ነው የተሰበረው። እናቴ እዚያው ቆማለች አይደል?” አለው። 

በማግሥቱ የሰፈሩ ሴቶች ቤታቸውን ጥለው ደጃፌ ላይ ተቀመጡ። ሲንቄ የተሰበረባት ሴት ካሣዋን እስክታገኝ ከቦታቸው አይነቃነቁም። አይሱዙ ሽንኩርቴን ጭኖ መጣ፤ ሾፌሩ ሴቶቹን ሲያይ ሞተሩን አጠፋና “እትዬ፣ እኔም እናት አለችኝ” ብሎ በሸራው ሥር ተኛ። ሽንኩርቱ በፀሐይ ላበ። እኔም ነጋዴ ነኝና የነጋዴ ስሕተት ሠራሁ፤ ገበያ ሄጄ ያማረች፣ በመዳብ ጥምጥም የተጌጠች በትር ገዝቼ፣ ነጠላ ደርቤ አዴ ጋዲሴ ፊት ተንበረከክሁ። አየችኝ፤ አልተቆጣችም። “አንቺ ልጅ፣ በትሩንስ ገዛሽው፤ እናቴን ከየትኛው ሱቅ ልትገዢልኝ ነው?” አለችኝ። ሴቶቹ ሳቁብኝ፤ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

ከዚያ ግን “እናትሽ አለች?” ብላ ጠየቀችኝ። አሉ አልኳት። “ከእኔ ትበልጣለች?” በብዙ ይበልጡዎታል አልኳት። ከዚያም እንዲህ አለች፦ “የእኔ እናት ከሞተች ቆየች። የሰበረው ልጅ እናት ትምጣ። ደጇ ካለ ዛፍ በእጇ ቆርጣ፣ በእጇ ትስጠኝ። ከሰጠችኝ እናቴ ናት፤ እሱም ወንድሜ ነው። ወንድሜ ሰበረው ብዬ እተዋለሁ። ካልመጣች ግን እኔ ዝም ብል የደራ ዘመዶቼ ዝም አይሉም።” ይህ የጥንት ሥርዓት ነው ወይ ብዬ ሴቶቹን ጠየቅሁ። ተያዩ። አንዷ “አይ፣ ይቺስ የጋዲሴ ናት” አለችኝ። በእሷ ቃል ሴቶቹ እስከ ፋሲካ ቀን ሰጥተውኝ ከደጄ ተነሥተዋል።

በረጋ መንፈስ አስቤበታለሁ። ወደ እናንተ ብልከው ሰይፈሚካኤል መንገድ ላይ ይጠብቀዋል። ወደ ሌላ ከተማ ብልከው ዱላውን ይዞ ይሄዳል። ዝም ብዬ ባስቀምጠው ደግሞ የደራ ሰዎች ይመጣሉ፤ ያን ጊዜ በመካከል የምትቆም በትር የለችም፣ ልጅዎ ሰብሯታል። ለልጅዎ ነፍስ የቀረው መንገድ የእርስዎ እግር ብቻ ነው። ቆላ እንደሚፈሩ፣ መኪና ሆድዎን እንደሚረብሸው አውቃለሁ። ይምጡ።

በትሯን ከጓሮው ወይራ ይቁረጡ። ወይራን እነሱም ያከብሩታል፣ ኤጄርሳ ይሉታል። ያ ዛፍ ለአያቴም ለአባቴም ዱላ ሲያወጣ ኖሯል፤ የሰይፈሚካኤል መንጋጋና የጉደታ ክንድ የተሰበሩት በእሱ ነው። አሁን ደግሞ ለመምታት የማትመች ቀጭን ቅርንጫፍ ይፈልጉበት። አባቴ አይቁረጡ፤ ወንድ አይንካት። ቤዚ ታጅብዎት፤ እኔ ላምበረት መናኸሪያ ቆሜ እቀበልዎታለሁ።

ዲበኩሉ ጆሮው ድኗል፤ ጠባሳው ግን ይኖራል። ሞተሩን ከመስመሩ ነቅሏል። ፈረቃው ሲደርስ መጀመሪያ የአዴ ጋዲሴን በርሜል ሞልቶ ነው ወደ እኛ የሚመለሰው፤ እሷም “አንተ ሰባሪ፣ ቀስ ብለህ አስቀምጥ፣ እሱንም እንዳትሰብረው” ትለዋለች። የተረፉት ዓሣዎች እሷ ዘንድ በርሜል ውስጥ ናቸው። አጥሩን በአንድ በኩል አፍርሶ አዲሱን ገንዳ በሁለቱ ግቢ መካከል እየሠራ ነው፤ ቀይ አሹን አሁን ማጠብ ለምዷል። ጉደታ ክንዱ በጄሶ እንደታሰረ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ “ጠማማ ነው፣ ወደ ግራ” እያለ ያዝዘዋል። አይሳሳቁም፤ ግን ይታዘዘዋል። ያን የወይራ ዱላ ደግሞ ውሃ ወደ ጎመኑ ለሚያወጣው ቧንቧ ምሰሶ አድርጎ ተክሎታል። አንድ ቀን ተናዶ ቢነቅለው ቧንቧው ይወድቃል፣ ውሃውም ይቆማል። ይህን ሆን ብሎ እንዳደረገው አልጠየቅሁትም።

የአባቴን የአቶ አብተውን ጉልበት ስሜያለሁ፤ ለሳላቸው የላክሁትን ማር በሎሚ ይጠጡት። ለቤዚ የትምህርት ቤት ጫማ ይህን ደብዳቤ በሚያመጣው ሰው ልኬያለሁ፤ ከጠበባት ትንገረኝ። ለአክስቴ፣ ለክርስትና ልጄ፣ ከላሟ ጋር ለሚያድረው ለአሮጌው ውሻ ሳይቀር ሰላም በሉልኝ። ለሰይፈሚካኤል እናትም ሰላምታዬን አድርሱልኝ፤ ከዚህ ሲመለሱ ሁለታችሁ ብቻችሁን የምትነጋገሩት ነገር ይኖራል። ከዛፉ ሲቆርጡ ሁለት ቅርንጫፍ ቢቆርጡ አይከፋም።

ደብዳቤውን ስጨርስ አዴ ጋዲሴ በፈረሰው አጥር ገብታ ለማን እንደምጽፍ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። “እንግዲያው ጻፊላት፦ እናቴ፣ ደጋ ጉልበት ይበላል ይላሉ፣ ቆላው ይሻልሻል፤ ስትመጪ ጋቢሽን አትርሺ፣ የአዳማ ንፋስ ክፉ ነው በያት” አለችኝ። እንዳለችው ጻፍኩ። በትሯን ገና ሳይሰጧት እናቴ ብላዎታለች፤ አያሳፍሯት።

ልጅዎ ሙሉብርሃን አብተው
አዳማ፣ መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.